እትዬ ዘይነባ አንሶላ ላይ ያረፈችው ፀሐይ

ፉሪ ካለው ቤቴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ፀሐይን ፎቶ ሳነሳ እስካሁን ጀርባዬን ሰጥቻት ነው። ቴሌስኮፑን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ከፊቱ ማጣሪያ፣ ከኋላው ካሜራ አለው። ምስሉ ላፕቶፕ ላይ ስለሚመጣ እንዴትም ብቆም ለውጥ የለውም። ግን ቱቦው ሲግል የሚሸተው ሽታ ጎፋ ወዳደግኩበት ግቢ ይወስደኝና ሳላስበው እዞራለሁ።

አባዬ መነጽር ቤት ነበር የሚሠራው። ተበላሽተው የሚጣሉ ሌንሶችን በኪሱ ይዞ ይመጣና ትርፍራፊ ቱቦ ላይ ይገጥማቸዋል። በቱቦው ውስጥ ማየት ክልክል ነበር። ወደ ፀሐይ ያነጣጥረውና ከኋላው የሚወጣውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፈዋል፤ እኛ ልጆች ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተን ወረቀቱን እናያለን። የዞረ ልጅ የዚያን ቀን ጨዋታው አለቀበት።

ጎረቤታችን ባለሱቋ እትዬ ዘይነባ ግን አላመነችውም። ግቢው ሁሉ የሚፈራት ሴት ነበረች። አንድ ቅዳሜ እማዬን በር ላይ አቁማ፣ "ባልሽ ልጆቻችንን ሊያሳውርብን ነው። ያንን ቱቦ ጣሉልኝ" አለቻት። እማዬ ከጎረቤት መቀያየም አትወድም፤ አባዬን እሺ አሰኘችው። ነገ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያሳየን፣ ከዚያ ሊፈታው ተስማማ። እኔ አልቅሼ ተኛሁ።

እሁድ ግቢው ልብስ የሚያጥብበት ቀን ነው። ገመዱ ሁሉ ተሞልቶ ስለነበር አባዬ ወረቀቱን ትቶ ብርሃኑን ከሁሉ በነጣው አንሶላ ላይ አሳረፈው። የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ፀሐይ የሰሃን ያህል ሆና ቁጭ አለች፤ ጥቁር ነጥብም ነበረባት። እትዬ ዘይነባ ከሱቋ ብቅ ስትል የታያት ግን አጥባ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ያለ እድፍ ነው። ሳሙናዋን ይዛ መጣች፣ ከጎን ቆማ ማንንም ሳታናግር ትፈትገው ጀመር። አልለቀቀም። ተናዳ አንሶላውን ወደ ራሷ ስትስበው ነጥቡ አብሮ አልሄደም፤ ከነፀሐይዋ እጇ ላይ አረፈ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ፀሐይዋ ላይ ያለ ነው እትዬ" አልኳት። "አባዬ ከምድር ይበልጣል ብሏል።"

እጇን ብዙ አየችው። ከዚያ ዞር ብላ እኛን ቆጠረችን፤ ሁላችንም ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተናል።

"ወደ ላይ አታዩም እንዴ?"

"አናይም። ያየ ይባረራል።"

አንሶላውን መልሳ አሰጣችው፣ እጥፋቱንም በመዳፏ አስተካከለች። "እንዳትፈቱት። ልጄን ልጥራት" አለች። ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ያ አንሶላ ለእኛ ሲባል ቀድሞ ይሰጣ ነበር።

አባዬ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ግቢውም ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል። እሱ ሳያይ የሞተውን ስንት ነገር ዛሬ በካሜራዬ አያለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም አመሰግነዋለሁ። እትዬ ዘይነባንም ከእሱ እኩል ነው የማመሰግናት፤ ያን ጠዋት እጇን ባታይ ኖሮ ቱቦው ቆሻሻ ላይ ይወድቅ ነበር፣ እኔም እዚህ ጣሪያ ላይ አልወጣም ነበር።

ጥሩ ፎቶ በወጣልኝ ቁጥር በልጇ ስልክ እልክላታለሁ። አርጅታለች፤ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ካየች በኋላ ትደውልልኛለች።

"ዛሬም አልለቀቀም?"

"አልለቀቀም እትዬ።"

"ተይው እንግዲህ" ትለኛለች። "አትፈትጊው።"