ድንጋዩን ማን ያውርደው

አባቴን የገጨው ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚመጣ የሰማሁት በቅበላው ሳምንት፣ መንገድ ዳር የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የአንድ ቄስ ካባ ስዘመዝም ነው። ወሬውን ያመጡልኝ የሰፈራችን ሽማግሌ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ ብዙ ካወሩ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የገቡት። ቅዳሜ ማለዳ እንመጣለን፣ ቤት ጠብቂን አሉኝ። ቤቱ የአባቴ ነው፣ መምጣት ትችላላችሁ፣ እኔ ግን ስለመኖሬ ቃል አልገባም አልኳቸው። ቅር እያላቸው ሄዱ።

ልጁ ራሱ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ከአደጋው ወዲህ ባጃጅ መንዳት ትቶ፣ ሆቴል በሚሠራበት ግቢ ድንጋይ ያመላልሳል። ላሊበላ ውስጥ ስንት ሥራ እያለ ከእኔ ፊት ለፊት መቀጠሩ ያንገበግበኝ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ያስመስላል እላለሁ። ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ካየሁት ደግሞ የዚያን ቀን ሥራዬ ተበላሸ ማለት ነው፤ ክሩ ይበጠሳል፣ መርፌው ይሰበራል፣ ደንበኛ ይቆጣል። ቢያዝንም ቢስቅም ከእኔ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም።

አባባ የዜማ መምህር ናቸው። ከተማው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። አደጋው የደረሰባቸው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ማሕሌት ቆመው አድረው፣ ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ከቤታችን በታች አንዲት የወይራ ዛፍ ያለችበት መታጠፊያ አለ። ባጃጁ ከላይ መጣ። ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ከተሳፋሪ ጋር ያወራ ነበር አሉ። አባባን ከነመቋሚያቸው ጠርጎ ቦይ ውስጥ ጣላቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ደሴ ሆስፒታል ሳሉ ፖሊስ ቃላቸውን ሊቀበል መጣ። እኔ ፖፖውን ልደፋ ይዤ በር ላይ ደርሻለሁ። አባባ ለፖሊሱ ልጁ ሳያየኝ ነው እንጂ ጠልቶኝ አይደለም፣ አልከሰውም፣ ይቅር ብየዋለሁ አሉት። እንዲሁ፣ ውሃ ስጡኝ እንደሚሉት ቀለል አድርገው። እኔ ፖፖውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አጥቤ ስመለስ ፖሊሱ ሄዶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተናደድኩት በልጁ ብቻ አይደለም። በአባባም ተናደድኩ። የማነሣቸው እኔ፣ የማገላብጣቸው እኔ፣ ሲቃትቱ አብሬ የማድረው እኔ፤ ይቅር ባዩ እሳቸው። ሰው ሁሉ እየመጣ ጉልበታቸውን ይስማል፤ እንዲህ ያለ ክርስቲያን፣ እንዲህ ያለ ልብ እያለ ያደንቃል። እኔ ጓዳ ሆኜ አንሶላ አጥባለሁ። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ አፌን ከፈትኩ።

«አንቱ ይቅር ማለት ቀላል ነው የሆነልዎ» አልኳቸው። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እውነትሽን ነው አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከሚቆጣ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል።

ተማሪዎቻቸው አልጋቸው ዙሪያ እየተቀመጡ መማራቸውን አላቋረጡም። አንዱ ዜማ ሲስት አባባ በተኙበት እጃቸውን ያነሣሉ፤ ተማሪው ያቆምና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አልፎ አልፎ፣ ደቀ መዝሙር ማለት ዜማ ያወቀ አይደለም፣ ጌታው የሄደበትን የሚሄድ ነው ይሏቸዋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለእነሱ የሚነገር ነገር እንጂ ለእኔ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ የሚነገር አይመስለኝም ነበር። እኔ እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ የታመመ እጠይቃለሁ፣ የጽዋ ማኅበር ተራዬን አሳልፌ አላውቅም። ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ከቤት አልወጣሁም፤ ለመሄድ ነጠላዬን ሁለት ጊዜ ለብሼ ሁለት ጊዜ አወለቅሁት። አባባን አጥቤ፣ ንጹሕ ጋቢ አልብሼ፣ መደቡ ላይ እግራቸውን አዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። በዚያ ጊዜ በክራንች ከመደቡ እስከ በሩ ይሄዱ ነበር፤ ጎንበስ ማለት ግን አይችሉም። ዳሌያቸው አይታጠፍም።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ቀጥሎ መስቀል የያዙ አንድ ቄስ። የልጁ እናት ከፍላቂት ድረስ መጥታለች፤ አልገባም ብላ ከግድግዳው ውጭ ቆመች። ከዚያ ልጁ ገባ። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ደግፎታል። ለእንዲህ ያለው ቀን ሽማግሌ የሚመርጠው ለወጉ ያህል የሆነች ድንጋይ ናት። እሱ ግን ከሚሠራበት ግቢ የግንብ ድንጋይ ነው ያመጣው፣ ጠርዙ ገና ያልተስተካከለ። ከመደቡ ሥር ተንበረከከና ግንባሩን ወደ መሬት አዘነበለ።

ወጉን እዚያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። የተበደለው ሰው ይቅር ብያለሁ ይልና ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርዳል። እሱ ካላወረደው የበደለው ቀና አይልም፤ እርቁም እርቅ አይባልም። አባባ ይቅር ብዬሃለሁ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። አልደረሰም። እንደገና ሞከሩ፤ ፊታቸው በሕመም ተጨማደደ፣ ጣታቸው የልጁን ፀጉር ነካ፣ ድንጋዩ ጋ አልደረሰም። ልጁ በጉልበቱ ተጠጋ። መደቡ ከፍ ያለ ነው፣ አሁንም አልደረሰም።

ሽማግሌዎቹ ማን ይቅደም፣ ማን የት ይቀመጥ፣ ቄሱ መቼ ይባርኩ የሚለውን ሲመካከሩ ሳምንቱን ሙሉ ከርመዋል። የተሰበረ ሰው ጎንበስ ማለት እንደማይችል ግን አንዳቸውም አላሰቡትም። በዚያ ሁሉ ጭንቄ ውስጥ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ወዲያው ሳቄ ደረቀ፤ ሁሉም ዞረው እኔን ማየት ጀመሩ።

ቄሱ የቤቱ ሰው ያውርደው አሉ። የቤቱ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እጆቼን ነጠላዬ ሥር አጣምሬ ቆምኩ። የልጁ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ላቡ ከፀጉሩ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከግድግዳው ውጭ እናቱ እመቤታችንን ስትለምን ይሰማኛል። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚለየን። እግሬ ግን እሺ አላለኝም፤ እውነቱን ልናገርና ልቤም እሺ አላለም። እዚያው ቢቆይ፣ ቢደክመው፣ የአባባን ሌሊቶች ትንሽ ቢቀምሳቸው ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔን የጠየቀኝ የለም» አልኩ።

መልእክተኛው ሽማግሌ ቀስ ብለው «ይኸው ልጄ፣ እየተጠየቅሽ ነው» አሉኝ።

እጆቼን ከነጠላዬ ሥር አላወጣሁም። የሚሰማው የልጁ ትንፋሽ ብቻ ነው። ድንጋዩ ሸርተት ሲል መልሶ ሲያስተካክለው አየሁ፤ ጠርዙ ማጅራቱን ልጦታል።

በዚህ መሀል አባባ ከመደቡ መንሸራተት ጀመሩ። መጀመሪያ የወደቁ መስሎኝ ነበር። አልወደቁም፣ እየወረዱ ነው። የተሰበረውን ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ በሌላው መደቡን ይዘው፣ ቁልቁል። ከጉሮሯቸው የወጣውን ድምፅ በደሴዎቹ ሌሊቶችም አልሰማሁትም። ማንም ሊነካቸው አልደፈረም። ወለሉ ላይ፣ ከልጁ አጠገብ ተቀመጡ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙና ከማጅራቱ አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ተነሥ ልጄ» አሉት። «ወርዷል።»

ልጁ አልተነሣም። ፊቱን እጁ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። ቄሱ ሁለቱንም እዚያው መሬት ላይ ባረኳቸው። ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ስለ ካሳ መነጋገር ሲጀምሩ አባባ አቋረጧቸው። ካሳ አልፈልግም፣ ነገ ዘወረደ ነው፣ ማለዳ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ያድርሰኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቀውም አሉ።

ከአደጋው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሄደው አያውቁም። ጎረቤቶች በቃሬዛ እንውሰድዎ ቢሏቸው ለቃሬዛው ገና ነኝ ብለው መልሰዋቸዋል። ባጃጅ የሚባል ነገር ደግሞ እኔ ደጃችን እንዳይደርስ ከልክያለሁ።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «የኔታ፣ እኔ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም።»

አባባ ልጄም አብራን ትሄዳለች አሉት፣ እኔን ሳይጠይቁ።

ሰዎቹ ሲወጡ አባባን አቅፌ ወደ መደቡ መለስኳቸው። ጋቢያቸው በላብ ርሷል። አፌ አላረፈም፤ ዳሌዎ ዳግመኛ ቢሰበርስ፣ ማን ሊያስታምምዎ ነው እያልኩ ተነጫነጭሁ። ውሃ ጠየቁኝ። ጠጥተው ሲጨርሱ ጣሳውን መለሱልኝ።

«ትንሽ ጠበቅሁሽ» አሉኝ። «ልጁ ግን ደከመው።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ኖሮ ያን ቀን እህል ይወርድልኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ባጃጁ ደጃችን መጥቶ ቆመ። ባለቤቱን ለምኖ ነው ያመጣው። አባባ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውንና ክራንቻቸውን ይዘው ተዘጋጅተዋል። ደግፈን አስገባናቸው፤ እግራቸውን ወንበሩ ላይ በአግድም ዘረጉ፣ እኔ በቀረችው ጥግ ተሸጎጥኩ። ልጁ እንደምን አደራችሁ ብሎን ነበር፤ መመለሴን አላስታውስም። ሞተሩን አስነሥቶ እንደ እርጉዝ ሴት በዝግታ ቁልቁል ወረደ። ከፊቴ የነበረው ማጅራቱ ነው። ድንጋዩ የላጠው ቦታ ቀልቷል።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቆመ።

ዕቃ የረሳ መስሎኝ ጠበቅሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ ባጃጁ አይሄድም። ቀና ብዬ ሳይ ወይራዋን አየሁ፣ ከሥሯ ቦዩን አየሁ። መሪውን እንደጨበጠ ፊቱን ወደ ቦዩ አዙሯል። ከታች የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ ጠርዝ እያለፉን፣ ማን እንደሆንን እያወቁን፣ ዞር ዞር እያሉ ያዩናል።

ወደ አባባ ዞርኩ። አንድ ቃል ቢሉት ይነዳል። ሲያስተምሩ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈዋል። እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው አውቃለሁ። አሁንም እየጠበቁኝ ነው።

ያን ጊዜ ንዴቴ እንደ አዲስ መጣ። የተሰበሩት እሳቸው፣ የሰበረው እሱ፣ የምፈተነው ደግሞ እኔ? ዝም ብል ልጁ ባጃጁን አዙሮ ወደ ቤት ይመልሰናል፤ እሱም ዳግመኛ መሪ አይነካም፣ አባባም ዳግመኛ ማሕሌት አይቆሙም። ሁሉም በእኔ አፍ ላይ ነበር። ልቤ ውስጥ ይቅርታ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። እምላችኋለሁ፣ አልነበረም። የነበረው ያ የተላጠ ማጅራትና እንደ አባባ ሌሊቶች የሚቆራረጥ ትንፋሽ ብቻ ነው። ልጁ ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር።

እጄን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁና ትከሻው ላይ አደረግሁት። ደነገጠ።

«ንዳ» አልኩት። ሞተሩ ድምፄን ስለዋጠው ደገምኩት። «ንዳ ወንድሜ።»

ከዚያ ባጃጁ ተንቀሳቀሰ። ወይራዋን በዳር ትተናት አለፍን፤ እጄን ከትከሻው ያነሣሁት ሜዳው ላይ ስንደርስ ነው። አባባ ዓይናቸውን ገልጠው መንገዱን ማየት ጀመሩ፤ ስለታረሰው መሬት፣ ስለ አዲሱ የውሃ ቧንቧ፣ ያላዩትን ሁሉ እየጠየቁን።

ቤተ ክርስቲያኑ ከዓለት የተፈለፈለ ነው፤ ወደ በሩ ደረጃ ይወረዳል። ልጁ ወርዶ እጁን ዘረጋላቸው። አባባ ክራንቻቸውን ለእኔ ሰጡኝና ትከሻውን ያዙ፣ ያንኑ እኔ የያዝኩትን ትከሻ። እያንዳንዷን ደረጃ እየጠበቃቸው አብረው ወረዱ። እኔ ክራንቹን ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው።