የሚንግ መርከቦችና የቶር ፒኛታራው ልብስ ሰፊ

ንጋት፣ ቦሎኛ

ከቤት ስወጣ መንገዱ ገና ጨለማ ነው። የቆሻሻ መኪናው ከፊት ከፊቴ እየቆመ እየተነሳ ይሄዳል፤ ከዳቦ ቤቱ መስኮት የትኩስ ዳቦ ሽታ ይወጣል። ጣቢያው ስደርስ የሮማ ባቡር መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ሻንጣ አልያዝኩም፤ ማታ ተመላሽ ነኝ።

የምሄደው መምህር ኪዳኔን ላገኝ ነው። መምህር ኪዳኔ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ እዚያው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በስተርጅና ልጃቸው ሳባ ወዳለችበት ሮማ የመጡ ሰው ናቸው። እኔን ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። መጽሐፉ ስለ አውሮፓ መርከበኞች ሲያወራ እሳቸው ካርታውን ከምሥራቅ በኩል ይጀምሩት ነበር። «ፖርቱጋሎች የኬንያዋ ማሊንዲ ከመድረሳቸው በፊት ማን ደርሶ ነበር?» ብለው ይጠይቁናል። ክፍሉ ዝም ሲል ደስ ይላቸዋል። ከዚያ የሚንግ መርከቦችን ታሪክ ይጀምሩልናል።

ሳባ ከቀናት በፊት ደውላልኝ ነበር።

«ስለ ቻይና መርከቦች ኤግዚቢሽን መጥቶልሻል፤ እሁድ ይዘጋል። አባባ ግን አልሄድም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት የኖሩትን ነገር! ምን እንደነካቸው አላውቅም። አንቺ ብትጠሪያቸው እምቢ አይሉም» አለችኝ።

ባቡሩ ከተራራው ሥር ዋሻ ለዋሻ ተሹለክልኮ ፍሎረንስ ሲደርስ ነጋ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት ሴትዮ ለሥራ የምሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ። አስተማሪዬን ልጠይቅ ነው አልኳቸው። ፀጉሬን አዩና፣ ሽበቱን ማለቴ ነው፣ «ታድለሻል፤ የእኔዎቹ አንድም አልቀሩም» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሮማ ድረስ የወይራ ዛፍ እያየን ሄድን።

ረፋድ፣ ቪያ ቮልቱርኖ

ከቴርሚኒ ጣቢያ ወጥቼ ቪያ ቮልቱርኖ ወደሚባለው መንገድ ታጠፍኩ። ገንዘብ መላኪያው፣ ስልክ ቤቱ፣ በር ላይ ቆመው በትግርኛም በአማርኛም የሚያወሩ ወጣቶች፣ በመካከላቸው ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሆቴላቸውን የሚፈልጉ ቱሪስቶች። መምህር ኪዳኔ ሁልጊዜ ፉል የሚበሉበት ቤት ውስጥ፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ግራጫ ካፖርት፣ በደንብ የተቦረሸ ባርኔጣ፣ ወንበሩ ላይ የተደገፈ ከዘራ። ባለፈው ካየኋቸው ወዲህ ከስተዋል።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ባቡሩ አላንገላታሽም? ተቀመጪ፣ ፉል አዝዤልሻለሁ።»

ፉሉ በሽንኩርትና በቃሪያ ተጥለቅልቆ፣ ዘይቱ ጠርዝ ጠርዙን እየፈሰሰ መጣ። ከዳቦ ጋር አምስት ዩሮ ነው፤ እዚህ ሰፈር ከዚህ ረክሶ የሚያጠግብ የለም። እየበላን ስለ ኤግዚቢሽኑ አነሳሁባቸው።

«ምኑን አየዋለሁ? መርከቦቹ ከበሰበሱ ስንት ዘመናቸው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሱ።

«ከአፍሪካ የወሰዱት ቀጭኔስ፣ ሥዕሉን አያዩም?»

«ቀጭኔውን በመጽሐፍ አይቼዋለሁ።»

«እኔ ግን አላየሁትም። ዘጠነኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሳሉልንን ነው የማውቀው፤ እሱም ፍየል ነበር የሚመስለው።»

ትንሽ ሳቁ። አፋቸውን ጠረጉና ከዘራቸውን አነሱ። «አሎራ፣ እንግዲህ ላንቺ ስል እንሂድ።»

አውቶቡስ ለመያዝ በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በኩል አለፍን። እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸው ይፈጥናል። አደባባዩ ላይ ባለው ሕንጻ ይኖሩ የነበሩ የእኛ አገር ስደተኞች በፖሊስ ሲባረሩ መካከላቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቀና ብለው አያዩትም።

እኩለ ቀን፣ ወንዙ አጠገብ

ኤግዚቢሽኑ ቴቬሬ ወንዝ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ላይ ትልቅ የመርከብ ሸራ ተሰቅሏል። ውስጡ ደብዘዝ ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሰው የማይበዛበት ነው። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከእንጨት በተሠራው የመርከብ አምሳያ ፊት ቆማለች። ምሰሶዎቹ ስንት እንደሆኑ ልጆቹ ይቆጥራሉ።

መምህር ኪዳኔ መጀመሪያ ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉኝ ነበር። ካርታው ጋ ስንደርስ ግን የድሮው አስተማሪ ተመለሱ። ከዘራቸውን እንደ ሰሌዳ ዘንግ አነሱና ከቻይና ወደብ ተነስተው፣ በሕንድ በኩል አድርገው፣ እስከ እኛ ባሕር ድረስ መጡ።

«ሞንጎሎቹ ቻይናን ገዝተው ገዝተው ተባረሩ። የመጣው አዲስ ሥርወ መንግሥት ሚንግ ተባለ። ከነገሥታቱ አንዱ ደግሞ ዙፋኑን ከወንድሙ ልጅ ቀምቶ የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያስፈልገዋል? ንጉሥ ነህ የሚለው ሰው። ስለዚህ መርከብ አሠርቶ ዓለሙን ሁሉ ጠራ። ኑ፣ ገብሩልኝ አለ። የገበረ ሐር ይሸለማል፣ ሸክላ ይሸለማል፤ ከሰጠው የሚበልጥ ይዞ ይመለሳል።»

«ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው?» አልኩ።

«አየሽ፣ እሱም እንዲህ ነበር የሚለው» አሉና አቆሙ።

ማን እንደሆነ ልጠይቅ ስል ወደ ቀጭኔው ሥዕል ሄደዋል። ቅጂ ነው፤ ግን ያምራል። ቀጭኔው አንገቱን አቅንቶ ቆሟል፣ አንድ ሰውዬ ገመዱን ይዞ ሽቅብ ያየዋል። ቻይናዎቹ ከአፍሪካ የመጣውን ይህን እንስሳ ሲያዩ በተረት የሚያውቁት፣ ደግ ንጉሥ ሲነግሥ ብቻ የሚታይ አውሬ መስሏቸው ነበር። መምህር ኪዳኔ ቀጭኔውን ትተው ገመድ ያዡን ነው ያዩት።

«ይሄ ሰው አገሩ ተመልሶ ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ» አሉ። «ሰባት ጊዜ ወጥተው ሰባት ጊዜ ተመለሱ፤ ከዚያ በቃ ተባለ። ወጪው በዛ፣ በሰሜን ሞንጎሎቹ እንደገና አሰጉ፣ ሹማምንቱ ባሕሩን ጠሉት። መርከቦቹ ወደብ ላይ እንደቆሙ በሰበሱ። ማንም አላሸነፋቸውም እኮ። ራሳቸው ናቸው የተዉት።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ዌን ይህን ማየት ነበረበት።»

«ዌን ማነው ጋሼ?»

ዌን ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ ከእሳቸው ቤት ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሮማ የመጡ ሰሞን ሱሪ ሊያሳጥሩ ገብተው ተዋወቁ። ሰውየው ከቻይና የባሕር ዳርቻ፣ ከዌንጆው ነው። ሁለቱም ጣሊያንኛቸው ስብርብር ያለ፣ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ልጆቻቸው ሥራ የሚውሉባቸው ሽማግሌዎች ናቸው። መምህር ኪዳኔ ስለ መርከቦቹ ሲያወሩ ዌን የስፌት መኪናውን ያቆምና ይሰማቸዋል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት እዚያ ይቀመጡ ጀመር። ለዓመታት።

«አንድ ቀን ተከራከርን» አሉኝ። «እሱ፣ የእኛ መርከቦች የማንንም አገር አልወሰዱም፣ ስጦታ ሰጥተው ተመለሱ አለ። እኔ፣ ስገድ እየተባለ የሚሰጥ ስጦታ አይደለም አልኩ። የሲሎንን፣ የዛሬዋን ስሪላንካ፣ ንጉሥ አስረው ወስደውት የለም ወይ አልኩት። ውሸት ነው አለ። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይሄኔ ተነሳና፣ ባስታ፣ በቃ አለኝ። መኪናውን አጠፋ፣ መብራቱን አጠፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬ፣ በስተርጅና በቃህ፣ ውጣ ልባል? ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም። እኔም በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ፤ ዳቦ ስገዛ በላይኛው በኩል ዞሬ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ለሳባ አልነገሯትም። እሷ የምታውቀው አባቷ ከሰዓት በኋላ ከቤት መውጣት እንደተዉ ብቻ ነው፤ እርጅና ነው ብላ ነበር።

 ተማሪያቸው ነኝ፤ ልመክራቸው አልችልም። «ሱቁን ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል» አልኩ።

ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ ቆዩ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ አለን።»

ከሰዓት በኋላ፣ ቶር ፒኛታራ

ትሬኒኖ የሚሏት ትንሿ ባቡር የካሲሊናን መንገድ ይዛ እየተንገጫገጨች ትሄዳለች። የባንግላዴሽ አትክልት ቤቶች፣ የሞባይል መጠገኛ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች።  መንገድ ላይ መምህር ኪዳኔ፣ «ምን ብዬ ልግባ?» አሉኝ፣ ወዲያው ደግሞ ራሳቸው፣ «ሱሪ ላሳጥር ብል ይሻላል» አሉ።

ሱቁ አለ። በጣሊያንኛ «ሳርቶሪያ»፣ ልብስ ስፌት የሚለው ጽሑፍ በፀሐይ ነጥቷል። የስፌት መኪናው ጋ ግን የተቀመጠችው በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ቀና ብላ አየችና መርፌውን አቆመች።

«ፕሮፌሶሬ?» አለች። ሜይ ትባላለች፣ የዌን ልጅ ናት። ጣሊያንኛዋ የሮማ ልጅ ጣሊያንኛ ነው።

«አባትሽስ?» አሉ መምህር ኪዳኔ።

«አገሩ ገባ። ከፋሲካ በፊት። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተው ከእንግዲህ እዚህ ምን እሠራለሁ አለ።»

መምህር ኪዳኔ የበሩን እጀታ እንደያዙ ቀሩ። ወንበር ሳብኩላቸው። ሜይ ፊታቸውን አይታ ነው መሰለኝ ስልኳን አወጣች። «እዚያ መሽቷል፤ ግን አልተኛም» አለች። እሳቸው እጃቸውን አንስተው ተይው ሊሉ ነበር፤ እሷ ግን ደውላለች።

ስልኩ ላይ ነጭ ፀጉር ያለው፣ ፊቱ ክብ የሆነ ሽማግሌ ብቅ አለ። ሜይ ስልኩን ወደ መምህር ኪዳኔ ስታዞር ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየና ሳቀ።

«ፕሮፌሶሬ» አለ። «አስመራ እንዴት ነው?»

«አስመራ?»

«አገርህ ገባህ አይደል? ሳትሰናበተኝ ሄድክ ብዬ አዝኜ ነበር።»

መምህር ኪዳኔ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «አልሄድኩም። እዚሁ ነበርኩ።»

«እዚሁ የት?»

«ከሱቅህ ሁለት መንገድ ማዶ።»

 ዌን ቀስ ብሎ፣ «ለምን አልመጣህም?» አለ።

«ባስታ አልከኝ። በሲሎኑ ንጉሥ የተከራከርን ቀን። ባስታ ብለህ መብራት አጠፋህብኝ።»

ሽማግሌው ግራ ገባው። ለልጁ በቻይንኛ አንድ ነገር አላት። እሷም መለሰችለት። መልሳ ወደ እኛ ስትዞር ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ባስታ ማለቴን አላስታውስም ይላል። ሱቅ ልዘጋ ብዬ ይሆናል ይላል። እውነቱን ነው፣ ሲዘጋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ መኪናውን ያጠፋና ባስታ ይላል። ለራሱ ነው የሚለው። ቀኑ አለቀ ለማለት ነው።»

 መምህር ኪዳኔ ከዘራቸውን በያዙበት እጅ ላይ ጅማቱ ተገትሮ ይታየኛል።

ዌን ከወዲያ በኩል፣ ጣሊያንኛውን ቃል በቃል እየፈለገ፣ «ልክ ነበርክ» አለ። «ስለ ንጉሡ። የወንድሜ ልጅ መጽሐፍ ፈልጎ አነበበልኝ። አስረው ወስደውታል። ያኔ ፕሮፌሶሬ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅሁህ።»

«ለቀውታል እኮ ኋላ» አሉ መምህር ኪዳኔ። «ንጉሡን። ይቅርታ ተደርጎለት ተመልሷል። እኔም ያንን አልነገርኩህም።»

«ትመጣለህ?» አለ ዌን።

«ይህ እግር ይዞኝ አይመጣም። አንተስ?»

«ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አልቋል። ለማሳደስም አቅም የለኝም።» ከዚያ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረው። ጨለማ፣ ውሃ ላይ የሚንቀሳቀሱ ጥቂት መብራቶች። ወንዙ ነው አለ፣ እዚያ ጋ ወደ ባሕር ይገባል። መምህር ኪዳኔ ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ምሽት፣ የመመለሻው ባቡር

ትሬኒኖዋ እስክትመጣ አብረውኝ ቆሙ። ሂዱ፣ ይበርድዎታል ብላቸውም አልሰሙኝም። «አንድ ጊዜ ገብቼ እንደምን ዋልክ ብለው ኖሮ…» አሉና አልጨረሱትም። ባቡሯ ስትነሳ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ።

ከቴርሚኒ የተሳፈርኩበት ባቡር ግማሹ ባዶ ነበር። መስኮቱ ላይ ከራሴ ፊት በቀር የሚታይ የለም። ቦሎኛ ስደርስ ዝናብ እየጣለ ነው፤ በዝናቡ ውስጥ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ወራት ስላለፉ የሰማሁትን ልጨምር። መምህር ኪዳኔ አሁን በየእሁዱ ሱቁ ሄደው ለዌን ይደውላሉ። ሳባ ትወስዳቸዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ያወሩ ነበር። ዌን ግን እዚያ ጣሊያንኛ የሚያናግረው ሰው የለም፤ ቃላቱ አንድ በአንድ እየጠፉበት ነው። በቅርቡ ድልድይ ሊያሳያቸው ፈልጎ ስሙ ጠፋው፤ ከዚህ በኩል እሳቸው «ፖንቴ» አሉለት። እሱም ደገመው። ሜይ ስትኖር ታስተረጉማለች፣ ደንበኛ ሲመጣባት ግን ትተዋቸው ትነሳለች።

«ያኔ ዝም ብለው ይተያያሉ» አለችኝ ሳባ። «ስልኩን ግን ቀድሞ የሚዘጋ የለም።»