በግራ ክርን መጋደም

ከጅጅጋ የወጣሁ ዕለት አባቴ ሊሸኘኝ እንኳ አልተነሳም። እንደ ሁልጊዜው ከዐስር ሶላት በኋላ ጨርቅ መሸጫ ሱቃችን ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ በግራ ክርኑ ጋደም ብሎ ነበር። እሱ ተጋድሞ ነው የሚሸጠው፤ ገዢው ራሱ ጨርቁን ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ ራሱ ይለካል። "ከተነሳሁ አልለቅህም፣ ሂድ በቃ!" አለኝ። እጁን ስሜ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ። ስኳር አለበት። እኔ ሳልመለስ አንድ ነገር ቢሆንስ የሚል ስጋት ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጀርመን ገባሁላችሁ። ብርዱን አታንሱብኝ፤ ሻሂያቸውም የግመል ወተት የማያውቅ ሙቅ ውሃ ነው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ካሜራ አለ፤ የሚያየው ደግሞ ሰው ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ሽማግሌው ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ወደቀ እያለ ይለያል። ልጆቻቸው በዓመት አንዴ አበባ ይዘው ብቅ ይላሉ፣ ካሜራው ግን ቀን ከሌት ከአጠገባቸው አይጠፋም። እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው እባካችሁ!

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፓውዘ የሚሉት እረፍት ሲደርስ ጃኬቴን መሬት ላይ አንጥፌ በክርኔ ጋደም አልኩ። ኧረ ጉድ! ሕንፃው በጩኸት ተናጋ፣ ነርሶች ቃሬዛ ይዘው እየሮጡ ገቡ። አለቃዬ ፍራው ኬለር ከኋላቸው ደረሰች።

"የት ጋ ነው የሚያምዎት?"

"ምንም አላመመኝም። እያረፍኩ ነው።"

"መሬት ላይ? ሲስተሙ ወድቀዋል ብሎ መዝግቧል!"

"እንግዲያው ጅጅጋ ቢመጣ ከዐስር በኋላ ከተማው በሙሉ ወድቋል ሊል ነዋ!"

አልሳቀችም። ይልቅስ ሥራ ጨመረችልኝ፦ ቪዲዮ እያየሁ "ተጋድሟል" ወይም "ወድቋል" የሚል ቁልፍ በመጫን ማሽኑን ላስተምር። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የማሽን መምህር ሆንኩ! ምስጢሩ ያለው ክርኑ ላይ ነው። የተጋደመን ሰው ክርኑ ይሸከመዋል፤ የወደቀ ሰው ክንዱ ሳይሸከመው ከሰውነቱ ሥር ይቀራል። አሁን ባንድ እይታ እለያለሁ።

ባለፈው አርብ ቤት ደወልኩ። እህቴ ሀያት ስልኩን ወደ አባቴ አዞረችው። ሱቁ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ነው፤ ግን በጀርባው ተንጋሎ።

"ዋርያ፣ አንተ ጀርመኑ!" አለኝ። ድምፁ ቀጥኗል።

"አባባ፣ እስኪ እንደ ድሮህ በክርንህ ጋደም በል።"

ሞከረ። ክንዱ ከሥሩ ቀረ።

"ሀያት፣ ሐኪም ቤት ውሰጂው! አሁኑኑ!"

"ደክሞት ነው እኮ፣ ምን ያስደነግጥሃል? ገዢው ሁሉ ሲያየው ነው የዋለው፣ ማንም ምንም አላለም።"

የመኖሪያ ፈቃዴ እስኪታደስ ከዚህ አገር መውጣት አልችልም። ጣቴ ሳላዘው ስክሪኑ ላይ "ወድቋል" የሚለውን ቁልፍ ይፈልጋል። ስልኬ ላይ ያለው ግን አንድ ቀይ ቁልፍ ነው፤ እሱም መዝጊያው ነው።