መርፌ እንዳትወጊብኝ

ወንድሜ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ፕሮቲን ጋር ሲታገል እኔንም አንገሸገሸኝ። የሚሠራው ላቦራቶሪ ነው። የላም ጡት ሲታመም ወተቱ ውስጥ የሚበዛ፣ ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን አለ ይላል፤ ለይተን ካወጣነው መድኃኒት ይሆናል ባይ ነው። ይሁንለት! ባክቴሪያ በሚያበቅልበት ሳህን ላይ ፕሮቲኑን ጠብ ያደርግና በማግስቱ ያፈጥበታል። የጠብታው ዙሪያ ከጠራ ገድሏል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ባክቴሪያው ምን ተዳዬ ብሎ ሳህኑን ሞልቶት ያድራል። አለቃውም "እስከ ወር መጨረሻ ውጤት ካላመጣህ ሥራው ይዘጋል" ብሎታል።

እኔ ሁለት ላሞች አሉኝ። የትልቋ ጡት ያበጠ ዕለት ወንድሜ እየበረረ መጣ፤ ደስ ብሎት! ሰው በታመመች ላም ደስ ይለዋል?

"እታለም፣ አምስት ቀን ብቻ። መርፌ እንዳትወጊብኝ። መድኃኒቱ ወተቱ ውስጥ ከገባ ልፋቴ ገደል ገባ።"

እሺ አልኩት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እምቢ ማለት አይሆንልኝም።

በሁለተኛው ቀን ላሟ ገና እጄን ሳስጠጋ መራገጥ ጀመረች። ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ የሚወጣውም ወተት ሳይሆን የረጋ ነገር ነው። አቤት ዓይኗ! ለአንድ ፕሮቲን ብዬ ጡቷ ይሙት? የእንስሳት ሐኪም ጠርቼ አስወጋኋት።

በማግስቱ ጠዋት ወተት ሊወስድ መጥቶ "አልተወጋችም አይደል?" አለኝ።

"ኧረ ምን በወጣኝ!" አልኩት። ምላሴ ይቆረጥ።

ከሁለት ቀን በኋላ በማለዳ ቤቴ ገብቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ፎቶው ላይ በጠብታው ዙሪያ ሰፊ፣ ጥርት ያለ ክብ ይታያል። "ገደለው እኮ እታለም! ገደለው!" እያለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

"የገደለው ፕሮቲንህ አይደለም፣ የመርፌው መድኃኒት ነው፤ አስወግቻታለሁ" አልኩት።

ጮሆ ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ "ያስከፋኝ ላሟን ማሳከምሽ አይደለም እኮ። ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ ሌላ ላም እፈልግ ነበር" አለኝ።

ወሩ እስኪያልቅ ሌላ የታመመች ላም አላገኘም፤ ሥራው ተዘጋ። አሁን እዚያው ላቦራቶሪ በር ላይ ተቀምጦ ሌሎች ተመራማሪዎች የሚያመጡትን ናሙና ይመዘግባል።

ላሟ ድናለች። ትናንት ሊጠይቀን ሲመጣ አንድ ብርጭቆ ወተት ሰጠሁትና "ከተወጋች ወር አልፏታል፣ ጠጣ" አልኩት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ እኔን ትቶ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ልጄ ዞረና "እውነቷን ነው?" ብሎ ጠየቃት።