በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘው ኮክ

ጠበቃው ስም አለው፤ መታወቂያው ላይም በትክክል ተጽፏል። በእኛ ችሎት ግን ከዳኛዋ እስከ በረኛው ድረስ «ተቃውሞ» ብለን ነው የምናውቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ራሱ ይህን የሰማው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሲሰማ ይቆጣል ብለን ነበር፤ ደስ አለው። እኔ የችሎት ጸሐፊ ነኝ፤ ሰው የተናገረውን ሁሉ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከጻፍኩት ሩቡ «ጠበቃው፦ ተቃውሞ አለኝ» የሚል ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ዐቃቤ ሕጉ ሲያስነጥስ የተቃወመበት ቀን ሁሉ አለ። ዳኛዋ «ማስነጠሱ ይመዝገብና እንለፍ» ብለው ነው የገላገሉን፤ ያላመነኝ መዝገብ ቤት ወርዶ ይመልከት።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አንድ ፊልም ነው። ተማሪ ሳለ በሰፈሩ አዳራሽ፣ እግሩ በሚወዛወዝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየው። ፊልሙ ላይ አንድ ሕፃን ወንጀል ሲፈጸም ያያል፤ ክፉዎቹ አፉን ሊዘጉት ያሳድዱታል፤ ከጎኑ የሚቆምለት ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው አንድ ደሃ ጠበቃ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ጠበቃው ካባውን እያወዛወዘ «ተቃውሞ አለኝ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የእኛም ሰው ሐኪም የመሆን ሐሳቡን እዚያው አግዳሚው ላይ ትቶ ሕግ ገባ። ከአንድ መጥፎ ሐኪም ተረፍን እላለሁ እኔ።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳቂታ ሴት። የካባውን እጅጌ ከልኩ አንድ ክንድ አስፍታ የሰፋችው እሷ ናት፤ እንደ ፊልሙ ካልተወዛወዘ አልለብስም ብሏት። ያ እጅጌ የእኔን ሻይ ሁለት ጊዜ ደፍቶብኛል። «እኔ ያገባሁት አንድ ሰው ነበር» ትላለች ባለቤቱ፣ «ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ግን ከፊልሙ ሰውዬ ጋር ለሦስት ነው የምንኖረው።»

ፊልሙ ላይ ደግሞ በችሎቱ ግራ በኩል የተቀመጡ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው የሚፈርዱት። እኛ ጋ የሚፈርዱት ዳኛዋ ብቻ ናቸው፤ በግራ በኩል ያለው የመዝገብ መደርደሪያና መሽከርከር ካቆመ የቆየ ማራገቢያ ነው። ተቃውሞ ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ዞሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን አለስልሶ መደርደሪያውን ይማጸናል። ዳኛዋ «ጠበቃ፣ እኔ ወዲህ ነኝ» ሲሉት ይቅርታ ጠይቆ ይመለሳል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ይዞራል። መደርደሪያው አንድም ቀን አልፈረደለትም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአጥር ድንበር፣ የቤት ኪራይና የፍቺ ጉዳይ ሲያመላልስ ኖረ። አንድ ሕፃን ምስክር ግን አልመጣለትም። የከተማው ሕፃናት ሁሉ ወንጀል ሲፈጸም ወይ ተኝተው ነበር፣ ወይ ኳስ ላይ ነበሩ። እሱም በዚህ ያዝን ነበር፤ ሰው በሕፃናት ደህና መሆን ሲያዝን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ መጋዘኑ ተቃጠለ። የመጋዘኑን ባለቤት ሰፈሩ «ቋጣሪው» ይለዋል። በመጋዘኑ ግቢ ካለው ዛፍ ከአጥሩ ውጪ የወደቀ ኮክ እንኳ ሰው እንዳያነሣው ቆጥሮ ይሰበስባል፤ ግማሹ ሲበሰብስበት አፈር ይመልስበታል እንጂ ለሰው አይሰጥም። እሑድ ቀትር ላይ መጋዘኑ ነደደና ቋጣሪው የኢንሹራንሱን ካሳ ጠየቀ፤ ፖሊስ ደግሞ ዘበኛውን አሰረ። ዘበኛው ስልሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ቋጣሪው ቀርቦ ማለ፤ «እኔ ያን ቀን ከተማ ውስጥ አልነበርኩም፤ ዘበኛው ግን ደመወዝ ጨምርልኝ ብሎ ዝቶብኝ ነበር» አለ። ሽማግሌው «ራሱ ነው ቤትህ ሄደህ ምሳ ብላ ብሎ የላከኝ» ቢሉ የሚሰማቸው አጡ። ከተፈረደባቸው የሚወጡት በሬሳ ሣጥን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጠበቃ መግዣ ስለሌላቸው ፍርድ ቤቱ ተቃውሞን አቆመላቸው። እኔም በልቤ፣ እኚህ ሰውስ አለቀላቸው አልኩ።

በሳምንቱ የአንዲት ልብስ አጣቢ ልጅ፣ የፊት ጥርሷ ገና ያልበቀለ የስምንት ዓመት ልጅ፣ «አባባ ዘበኛው አላቃጠሉም፤ እኔ አይቻለሁ» ማለቷ ተሰማ። ተቃውሞ ያን ዕለት በመተላለፊያው እየሮጠ ነው የመጣው። «ሕፃን! ሕፃን ምስክር አገኘሁ!» አለኝ፤ ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እናትና ልጅ ቢሮው መጡ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ያጫወተችኝ ልጅቱ ራሷ ናት። ፊልሙ ላይ ጠበቃው ሕፃኑን ለብቻው ስላነጋገረው፣ የእኛውም ሰው እናትዬዋን ኮሪደር ላይ አስቀመጣትና በሩን ዘጋ። መጋረጃውንም ዘጋ። ልጅቱ ሁሉንም ነገረችው፦ ኮክ ልትሰርቅ ዛፉ ላይ ወጥታ እንደነበር፤ ሁልጊዜ በጠጠር የሚያባርሯት ዘበኛ ያን ቀን እንዳልነበሩ፤ ቋጣሪው ጀሪካን ይዞ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ሲወጣ ቀና ብሎ እንዳያት፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ እንዳወረዳት፣ በገዛ እጁ ኮክ ለቅሞ ቀሚሷን ሞልቶላት «በጓሮ ሂጂ፣ ለማንም አትናገሪ» እንዳላት።

ተቃውሞ ይህን ሁሉ ጻፈና ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። «ኮኩ ይቅር» አላት። «ሌባ ምስክር አይታመንም። ፊልሙ ላይ ልጁ ንጹሕ ነበር።» በምትኩ እንድታጠና የጻፈላት ይህን ነው፦ «ከትምህርት ቤት በመመለስ ላይ ሳለሁ፣ ተከሳሹ ያልሆነ ግለሰብ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሲያርከፈክፍ በበሩ ቀዳዳ በኩል ተመልክቻለሁ።» ሁለት ሳምንት አስጠናት። ለእናትዬዋ ደግሞ «የጠበቃና የምስክር ምስጢር ነው» ብሎ አንዲት ቃል አልነገራትም። ልጅቱም ምስጢር ነው ስለተባለች ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላለችም።

የችሎቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ቋጣሪው ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ዳኛዋ ልጅቱን ጠጋ አድርገው «ልጄ፣ ውሸት ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አዎ። እናቴ የምትመታኝ ነው።»

«እውነትስ?»

«እሱም አንዳንዴ ያስመታል።»

ሰው ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ጻፍኩት፤ ምን እንዳለች አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ተቃውሞ እጅጌውን እያወዛወዘ ተነሣና «የሆነውን በራስሽ አንደበት ንገሪን» አላት። ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ «ግለሰብ»ንም «ተቀጣጣይ ፈሳሽ»ንም አንዷን ቃል ሳታስቀር ለቀቀችው። ተቃውሞ ወደ መደርደሪያው ዞሮ በኩራት ፈገግ አለ።

ዐቃቤ ሕጉ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ያን ቀን ጉንፋን ይዞታል። አፍንጫውን ጠረገና «የእኔ እመቤት፣ ቀኑ ምን ነበር?» አላት።

«እሑድ።»

«እሑድ ትምህርት አለ?»

«የለም።»

«ተቀጣጣይ ፈሳሽ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ተቃውሞን አየችው። «አላውቅም» አለች።

«ክብርት ዳኛ» አለ ዐቃቤ ሕጉ፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ይሄኛውን ደግሞ ጭራሽ ልጅ አላቦካውም።» ቋጣሪው ሳቀ። ሽማግሌው ዘበኛ አንገታቸውን ደፉ፤ የሚያማቸውን ጉልበት በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። አንጀቴን በሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው፤ የተፈታው ግን የጠበቃው አይደለም፣ የእሳቸው ዕድሜ ነው። ያን ሰዓት ተቃውሞን ተነሥቼ በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር።

ዐቃቤ ሕጉ የመጨረሻውን ጥያቄ አመጣ። «እንዲህ በይ ብሎ ያስጠናሽ ማነው? ከዚያ በፊትስ ምን ነበር ያልሽው?»

ተቃውሞ ከመቀመጫው ተነሣ። በዚህ ጊዜ እውነትም የሚቃወመው ነገር ነበረው፤ ጠበቃና ምስክሩ በቢሮ የተነጋገሩትን አትጠይቅ ብሎ ቢከራከር ዳኛዋ ይቀበሉት ይሆናል። ካልተቃወመ ደግሞ ምስክር አስጠንቶ ማቅረቡ በችሎት ፊት ሊወጣ ነው፤ ፈቃዱንም ሊያስነጥቀው ይችላል። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቃት ደቂቃ መጣችለት። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ጣቴ ቀደመኝና «ተቃውሞ አለ» ድረስ ጽፌ ጨርሻለሁ።

እጅጌው ግን አልተወዛወዘም። ሽማግሌውን አየ፤ ልጅቱን አየ፤ ልጅቱ ምን በይ እንደሚላት እየጠበቀች አፉን አፉን ታየዋለች።

«ተቃውሞ የለኝም» አለና ተቀመጠ።

እኔ የጻፍኩትን መሰረዝ ነበረብኝ፤ ሰረዝኩት። የዚያን ጊዜ ወደድኩት፤ መዋሸት አልችልም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «በይ ልጄ፣ ያስጠኑሽን ተይውና እንደ ሆነው ንገሪን» አሏት። ነገረች። ዛፉን፣ ስርቆቱን፣ ጀሪካኑን። «ከዛ ኮክ ሰጠኝ» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዐቃቤ ሕጉ ሳቀ፤ ሽማግሌው እንኳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ የቋጣሪው ሚስት መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያልሳቀው ቋጣሪው ብቻ ነው።

«እማዬም አላመነችኝም» አለች ልጅቱ ሳቁ ጋብ ሲል። «መታችኝ።»

ከኋላ አግዳሚ እናትዬዋ ተነሣች። በረኛው ሊያስቀምጣት ቢሞክርም አልተቀመጠችም። «ክብርት ዳኛ፣ እውነቷን ነው» አለች። «እሑድ ቀሚሷን ሞልታ መጣች። ከየት አመጣሽው ስላት እሱ ሰጠኝ አለች። እሱ ኮክ አይሰጥማ! ዐይኔ እያየ ትዋሸኛለች ብዬ በጥፊ አልኳት። እሷ እያለቀሰች ሳለ ነው ጭሱ የተነሣው።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም። ሰውዬው እንደማለው ያን ቀን ከተማ ውስጥ ካልነበረ ኮኩን የሰጣት ማን ነው? ዳኛዋ እናትዬዋን ወደ ምስክር ቦታ ጠርተው ቃሏን በመሐላ ተቀበሉ። ዐቃቤ ሕጉም ጥያቄ የለኝም አለ። በቀጣዩ ቀጠሮ ሽማግሌው በነጻ ተሰናበቱ፤ ቋጣሪው በእሳቸው ቦታ ገባ። ተቃውሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ፈቃዱ ተረፈለት።

አሁን ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ይህን ታሪክ በቀን ሁለት ጊዜ ያወራል። በእሱ አተራረክ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው የታሰበበት ስልት ነው፤ «ተቃውሞ የለኝም» ያለውም ዐቃቤ ሕጉን ወጥመድ ውስጥ ለማስገባት ነው። ሰሚውም አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። ቀይ መስመር የተሰመረባት ወረቀት ያን ቀን ጠረጴዛው ሥር ወድቃ አንሥቻታለሁ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ እኔ ጋ መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ እኔ ሻይ ቤት ስገባ ወሬውን ያሳጥራል።

አንድ ነገር ግን እኔ ባልኖርም አያወራም። ልጅቱ የመሰከረች ዕለት ችሎቱ ሲነሣ ሁላችንም ኮሪደር ላይ ነበርን። እናትዬዋ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ጉንጯን፣ ያንን የመታችውን ጉንጭ፣ በሳሙና በተላጠ እጇ ትዳብሳለች። ይቅርታ ልትላት ፈልጋ እናት ለልጇ እንዴት እንደምትለው ጠፍቷታል።

«እማዬ» አለቻት ልጅቱ፣ «አሁን ያመንሽኝ ዳኛዋ ስላመነችኝ ነው?»

እናትዬዋ የልጅቱን ቀሚስ አንገትጌ ታስተካክል ጀመር። ልጅቱ ቀና ብላ አጠገባቸው ካባውን ክንዱ ላይ ጥሎ የቆመውን ተቃውሞን አየችው።

«እርስዎስ ጋሼ? ያን ቀን ስነግርዎት አምነውኝ ነበር?»

ተቃውሞ አፉን ከፈተ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዞረ። ኮሪደሩ ላይ ግን በግራ በኩል መደርደሪያም አልነበረም፤ ግድግዳ ነበር።