የሚኒባሳችንን ዘይት ማን ይጠጣል?

እናቴ ከአረብ አገር ስትመለስ ይዛው የመጣችው ሰማያዊ ሻንጣ ቁም ሳጥናችን ላይ ነው የሚቀመጠው። የአውሮፕላን ጣቢያው ወረቀት አሁንም እጀታው ላይ ተጣብቋል። "ለምን አትቀጂውም እማ?" ስላት "ይቀመጥ፣ ምን አስቸኮለሽ" ትለኛለች። ከትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሻንጣው ካለ እናቴም አለች ማለት ነው።

እናቴን ከተማችን መካነ ሰላም ላይ ያሰረቻት አንዲት አሮጌ ነጭ ሚኒባስ ናት። ከከተማችን እስከ አቀስታ ከተማ ትመላለሳለች። ሞተሯ ያለው ከፊት ወንበሩ ስር ስለሆነ በብርድ ጊዜ ተሳፋሪ እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይጋፋል፤ መቀመጫ ያሞቃላ! እናቴ የገዛቻት ቀን ቁርጡን ነግራኛለች፦ "ይቺ ከሠራች እዚሁ ነኝ። ይቺ ከቆመች ግን ያው መንገዴን አውቀዋለሁ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚኒባሷ ስታስል እኔ ነኝ የሚያመኝ። ቁልቁለቱ ላይ ኳ ስትል ሆዴም አብሮ ኳ ይላል።

ሹፌራችን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት የተወለደ ዝምተኛ ሰው ነው። ክርስቲያን ነው፤ እናቴ "እንዴት አደርክ ወንድሜ" ስትለው ግን "አልሃምዱሊላህ እትዬ፣ እርስዎስ?" ነው የሚላት። እኔ ወድጄው ነበር። ችግሩ አጎቴ አልወደደውም። አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ስለ ሹፌር ግን የማያውቀው ነገር የለም።

"ሹፌር ዘይት ይሸጣል" አላት አንድ ቀን ምሳችንን እየበላ። "ነዳጅ ይሸጣል። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውንም ይሸጣል። ቸል ካልሽ መጨረሻ ላይ መሪውን ብቻ ያስረክብሻል፣ 'እትዬ ይኸው አደራዎ' ብሎ።"

"ይሄኛው እንኳን እንደዚያ አይመስልም" አለች እናቴ።

"የሚመስል ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እናቴ የወጡን ድስት ከደነች። ከዚያ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለች ለራሷ። ይቺን ተረት ካለች አለቀ። በዚያ ሳምንት ሹፌሩ ሲስቅ "ምን አሳቀው?" ሲያዝን "ምን አጠፋ?" ሆነ።

እኔም "እማ፣ ራሳችን ለምን አናየውም?" አልኳት። ስልኬ ላይ አንድ መካኒክ ባለመኪና በገዛ እጁ፣ ያለ ስጋት፣ ምን ምን ማየት እንደሚችል የሚያስተምርበት ቪዲዮ ነበር። ሰውየው ሰላምታ ይወዳል። በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፣ የታመማችሁ፣ የታሰራችሁ ይላል። እናቴ "እለፊው፣ እለፊው! ዳታ ይበላል" አለችኝ። ጣቴን ገፋ አድርጌ እጁን ሞተር ውስጥ ወደሚያስገባበት አሳለፍኩት። ይህን "እለፊው" ያለችውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የተማርነው ብዙ ነው። ዘይት የሚለካው ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ቀጭኗን የመለኪያ ብረት መምዘዝ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ መልሶ መክተት፣ እንደገና መዞ ማየት። ብረቷ ጫፍ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ዘይቱ በሁለቱ መሃል መሆን አለበት። የራዲያተር ክዳን በጋለ ሞተር አይከፈትም፤ ፊት ይልጣል። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዱቄት ከያዘ ሞተር ጠፍቶ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። ጎማ ጥርሱ አልቆ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ከመኪና ስር መግባት ግን የእኛ ሥራ አይደለም፣ የባለሙያ ነው።

ሚኒባሷ የምታድረው በራችን ፊት ካለው ቁልቁለት ላይ ነው፣ አፍንጫዋ ወደ ታች፣ ጎማዎቿ ስር ድንጋይ ተደርጎ። በእኛ ከተማ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሳድረው። ጠዋት ብርዱ ባትሪውን ሲገድለው ድንጋዩን አንስቶ ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ራሷ ተንደርድራ ትነሳለች። ሜዳ ላይ የሚያሳድር ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጠዋት ጠዋት የሚገፋለት ዘመድ የተረፈው ነው።

እንግዲህ እናቴ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግዳ ስትጨርስ፣ ሹፌሩ ሳይመጣ፣ ሁለታችን ጋቢ ተከናንበን ወጣን። ወንበሩን ብድግ አደረግነው። ወላሂ ደስታዬን አልደብቅም! ያ ሁሉ ሽቦና ቱቦ፣ እኛን አቀስታ አድርሶ የሚመልሰው ሆድ ዕቃ፣ ፊቴ ተዘርግቶ። ብረቷን መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ መዘዝኩ። ዘይቱ ከታችኛው መስመርም በታች ነው።

እናቴ ብረቷን ተቀብላኝ መስመሮቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አረብ አገር የሠራችበት ቤት እመቤት የምግብ ዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ መስመር ታሰምር እንደነበር አንድ ጊዜ ነግራኛለች። ማታ ማታ ጠርሙሱን መብራት ላይ ከፍ አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ እናቴን ታያለች። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም።

"አጎትሽ ምን ብሎ ነበር?" አለች።

"ምናልባት መኪናዋ አርጅታ..."

"ዝም በይ። እንጨምርና አንነግረውም። እናየዋለን።"

ከሱቅ የሞተር ዘይት ገዝታ አልጋ ስር ደበቀች። ጨመርን። በማግስቱ ማለዳ ስንለካ ዘይቱ ተመልሶ ከመስመሩ በታች! ያረቢ! ደግመን ጨመርን። ከቀናት በኋላ አሁንም ጎድሎ አገኘነው። አንድ ሰው እየቀዳ ካልሆነ ወዴት ይሄዳል? መሬቱ ላይ ጠብታ የለም፣ ጎንበስ ብዬ በስልክ መብራት አይቻለሁ። በእኛ በኩል ሹፌሩ ተፈርዶበት አለቀ።

ይባስ ብሎ ሰውየውም ተለወጠ። ጠዋት ሲመጣ በቀጥታ ገብቶ አይቀመጥም፤ ዙሪያዋን ይዞራል፣ ያሸታል፣ ወንበሩን በመዳፉ ዳበስ ያደርጋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ የቤታችንን መስኮት ያያል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሱን አያለሁ።

አንድ ቀን "እትዬ" አላት፣ "ማታ መኪናዋን የነካ ሰው አለ እንዴ?"

"ማን ይነካታል? ምነው?"

"እንዲያው ነው። ጭስ ጀምራለች፣ ሰማያዊ።"

"እንግዲህ ጋራዥ ትግባ ልትለኝ ነው?"

"እኔ ምንም አላልኩም፣ እትዬ።"

"እሺ።"

"እሺ።"

ሁለት "እሺ" እንደዚህ ሲጋጩ ሰምቼ አላውቅም። ከሄደ በኋላ እናቴ "መጀመሪያ ዘይቱን ይሸጣል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ተበላሸ ይላል፣ ከዚያ ከመካኒኩ ጋር ይካፈላል" አለች። የአጎቴ ድምፅ ከአፏ ሲወጣ ሰማሁት።

በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያየሁት። ሚኒባሷ ከከተማው መውጫ፣ ጎማዎቿን በቦይ ግራና ቀኝ አድርጋ ቆማለች። ሹፌሩ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ከስሯ በቢጫ ጀሪካን ጥቁር ዘይት ይቀዳል። አንድ ሰውዬ አህያ ይዞ ይጠብቃል። ጀሪካኑን ተቀበለ፣ አህያው ላይ አሰረ፣ ተጨባብጠው ተለያዩ። ገንዘብ ሲሰጠው አላየሁም፤ ግን እሱን ለማየት ልቤ ቆሞ መች ጠበቀኝ? ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

ትጮኻለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጮኸችም። ቁም ሳጥኑ ላይ ወዳለው ሻንጣ ቀና ብላ አየች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

"ሌላ ሹፌር እንቀጥራለን እማ!"

"ሌላውስ? ልጄ፣ እኔ እንደሆንኩ ሰው መጠበቅ ሰልችቶኛል። ልሽጣትና እዚያው የለመድኩት ይሻላል። እዚያ ቢያንስ የምጠረጠረው እኔ ነኝ።"

ነጠላዋን አንስታ ወጣች፣ እኔም መለኪያ መጥረጊያ ጨርቄን እንደያዝኩ ተከተልኳት። ሹፌሩን ያገኘነው ጎሚስታው ግቢ ውስጥ ትርፍ ጎማውን ሲያስለጥፍ ነው፤ ሚኒባሷም አጠገቡ ቆማለች። ግቢው እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው፣ ጎማ እንዳይንከባለልበት ባለቤቱ አስተካክሎ አስደልድሎታል።

"ዘይቴን የት አደረሱት?" አለችው። እናቴ ክፉኛ ስትናደድ ሰው አንቱ ትላለች።

ሹፌሩ አንቱታውን ሰምቶ ደነገጠ። "የቱን ዘይት እትዬ?"

"በአህያ የሄደውን!"

ጎሚስታው መዶሻውን አስቀመጠ። "ዘይት በአህያ መሄድ ጀመረ? እኛ እኮ በመኪና የሚሄድ መስሎን ነው" አለ።

"አንተ ጎማህን ንፋ!" አለችው እናቴ። ወደ እኔም ዞራ "ለኪው! እዚሁ፣ ዓይኑ እያየ፣ ለኪው!" አለች።

ሞተሩ ከቆመ ቆይቷል፣ በእጄ ነክቼ አረጋገጥኩ። ወንበሩን አነሳሁ። መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ ከተትኩ፣ መዘዝኩ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ዘይቱ ከላይኛው መስመር ላይ ቁጭ ብሏል። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ደገምኩ። እዚያው ነው። ጠዋት እኮ፣ በዚያው ቀን ጠዋት፣ ታችኛውን መስመር አልነካም ነበር!

"ቀድቶለት እንኳን ሙሉ ነው እማ" አልኩ።

ሹፌሩ ብረቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ጨርቄን አየ። ቀስ ብሎ ፊቱ ተፈታ። "እናንተ ናችሁ የምትጨምሩት?"

"ሲጎድልስ?" አለች እናቴ።

"የት ስትለኩት ነው የሚጎድለው?"

"በራችን ላይ።"

"ቁልቁለቱ ላይ? አፍንጫዋን ደፍታ?" ሳቁ አፈነው፣ ጎማው ላይ ቁጭ አለ። "እትዬ፣ ዘይቱ እኮ ወደ አፍንጫዋ ይሸሻል! ብረቷ ያለችው ከኋላ በኩል። ብርጭቆ አዘንብለው ቢያዩት በአንድ በኩል ባዶ አይደለም?"

ጎሚስታው "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብሎ ግንባሩን መታ።

ሹፌሩ ቀጠለ። መኪናዋ መጨስ ስትጀምር አቀስታ ሜዳ ላይ ለክቶ ሞልቶ ተርፎ አገኘው። ትርፉን አወረደ። በማግስቱ ደግሞ ሞልቶ አገኘው። ዘይት የበዛበት ሞተር ዘይቱን የሚይዝለትን የጎማ ማሸጊያ ይበጥሳልና ዛሬም አወረደ፤ ያወረደውንም ለአንድ ቤት ለሚሠራ ገበሬ ሰጠው፣ የግድግዳ እንጨቱን ቀብቶበት ምስጥ እንዳይበላው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" አለች እናቴ። አንቱታው ጠፋ።

"ጠየቅኩ እኮ! 'ማን ይነካታል' አሉኝ። ወንድምዎ ሌላ ሹፌር ያመጡ መሰለኝ። ማታ ማታ እየነዳ የሚሞክራት፣ የሚሞላባት። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ እኔም ስጠብቅዎት ነበር።"

እናቴ ብረቷን ከእጄ ወስዳ ሁለቱን መስመሮች አየች። የዚያች እመቤት ጠርሙስ እንደታያት በዓይኗ ገባኝ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

"እኔም አሰመርኩብህ" አለች በቀስታ። ሹፌሩ ምን እንደምትል አልገባውም። "አፉ በለኝ ወንድሜ።"

"አፉ ብያለሁ እትዬ። አብሽሩ፣ አይዞዎት። መኪናዋም አፉ ትበለን፣ እሷን ነው የጎዳናት።"

"እኔንስ ማን አፉ ይበለኝ?" አለ ጎሚስታው። "'ጎማህን ንፋ' ተብያለሁ!"

ማታ ያንን ቪዲዮ ከመጀመሪያው ከፈትኩት። ሰውየው አገር ውስጥና ውጭ ያለውን ሁሉ ሰላም ብሎ ሲጨርስ "ከሁሉ በፊት መኪናችሁ ለጥ ያለ ቦታ ላይ መቆሙን አረጋግጡ" አለ። እናቴ ሰማችና "ይሄን መጀመሪያ አይናገርም ነበር?" አለች። መጀመሪያ ነው እኮ የተናገረው!

አሁን ጠዋት ሚኒባሷ ቁልቁለቱን ተንደርድራ ተነስታ ወደ ጎሚስታው ግቢ ትገባለች። ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ እስኪሰበሰብ እንጠብቃለን፣ ከዚያ ሦስታችን አብረን እንለካለን። እኔ እመዛለሁ፣ እናቴ ትጠርጋለች፣ ሹፌሩ ያያል። እናቴ አሁንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ትላለች፤ ብቻ አሁን የምትጠረጥረው መሬቱን ነው። ቤት ውስጥ እንኳን ወጥ ስትቀምስ ድስቱ መዘንበል አለመዘንበሉን ታያለች። አጎቴ ይህን ሲሰማ "ሹፌሩ አሞኝቷችኋል" ብሎ ምሳውን ጨረሰ።

ያ ሻንጣ ቁም ሳጥኑ ላይ የለም። ከትምህርት ቤት ገብቼ ባዶ ቦታውን ሳይ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር። ሮጬ ስወጣ ሚኒባሷ በር ላይ ቆማለች፣ ሻንጣው ከኋላ ወንበር ስር ነው። ክሪኩ፣ ብሩሹ፣ ማንቆርቆሪያው፣ የዘይት ጨርቁ ሁሉ ገብቶበታል። የአውሮፕላን ጣቢያው ወረቀት በጥቁር ዘይት ተነክሮ ጽሑፉ አይነበብም።

"እማ፣ ሻንጣሽን አበላሸሽው እኮ!" አልኳት።

"እስቲ ይበላሽ" አለች፣ እጇን በጨርቁ እየጠረገች። "ደግሞ የት ልሄድበት?"