ለአንድ ተማሪ የጻፍነው የሕይወት ታሪክ

በውጤታቸው ተመርጠው የተሰበሰቡ ጥቂት ተማሪዎች ነበሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሚዛን ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል እየተገናኘን መጻፍ አስተምራቸው ነበር። ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚችሉ ልጆች ናቸው። ጻፉ ሲባሉ ግን ሁሉም አንድ ሰው ይሆናሉ። ስለ ቡና ስላቸው «ቡና ለአገራችን ኢኮኖሚ ከፍተኛ ድርሻ አለው» ብለው ይጀምሩልኛል፤ ቡና ሥር ተወልደው ቡና እየለቀሙ ያደጉ ልጆች! ለብዙዎቹ አማርኛም የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ቤታቸው ሲገቡ የሚያወሩት ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን አረፍተ ነገር ሙጥኝ ማለታቸው አይገርመኝም ነበር።

ከመካከላቸው ከቴፒ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። መጀመሪያ በሸኮኛ ያንሾካሹካል፣ ከዚያ ይጽፋል። አንድ ቅዳሜ፣ «አባቴ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የተሰጣውን ቡና ይሸፍናል፤ ቀጥሎ እኛን ይጠራል» ብሎ ጻፈ። ጮክ ብዬ ሳነበው ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎቹም ትንሽ ትንሽ የየቤታቸውን መጻፍ ጀመሩ።

ይህ ልጅ ለቡና ለቀማ አባቱን ሊያግዝ ሄዶ ወባ ያዘው። ቤተሰቡ ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ሕመሙ ጭንቅላቱን ይዞት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስልክ የደወለችልኝ ከማሻ የመጣች አንዲት ተማሪዬ ናት፤ «ቲቸር፣ ጓደኛችን አረፈ» አለችኝ፤ ሌላ መናገር አልቻለችም።

ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ «የሕይወት ታሪኩን እናንተው ጻፉት፤ መጻፍ የምትማሩት እናንተ አይደላችሁ?» አለን። መኪና እስኪመጣ ክፍላችን ገባን። የማሻዋ ልጅ እስክሪብቶ ያዘች። አንዱ፣ «ተግባቢ፣ ሰው አክባሪ፣ በሁሉም ዘንድ ተወዳጅ…» እያለ ያስጽፋት ጀመር። ጽፋ ጽፋ ቆመች።

«ተግባቢ እኮ አልነበረም» አለች እያለቀሰች። «ስንት ቀን አጠገቤ ተቀምጦ ምንም ሳይናገረኝ ይሄዳል።»

የጻፈችውን ሰረዘች። በኋላ የዶርም ጓደኛው፣ «እኔ ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ከካፌ ዳቦ በኪሱ ደብቆ አመጣልኝ» አለ። «ትራሴ ላይ አስቀምጦት ወጣ። እንዴት ነህ እንኳ አላለኝም።»

«እሱን ጻፊው» አልኳት።

ሌላውም ተናገረ፤ ሌላዋም ጨመረች። ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጀምሮ ስለምናቸው የኖርኩት ጽሑፍ በዚያ ጠዋት መጣ። ምነው ባልመጣ አልኩ።

መንገዱን ሙሉ ቡናው ቀልቶ ጎንበስ ብሏል። ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዝቅ ባለ ድምፅ ይዘምራሉ። የዶርም ጓደኛው ሲያነብ አንድ ሽማግሌ አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ወደ ሸኮኛ ይመልሱ ነበር። እናትየው አማርኛ አይሰሙም። የት እንደተወለደና የት እንደተማረ ሲነበብ እንዳቀረቀሩ ነበሩ። ዳቦው ጋ ሲደረስ ቀና አሉ፤ ዓይናቸውንም ከሽማግሌው አፍ አልነቀሉም።

ንባቡ ሲያበቃ አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌው ለመተርጎም አመነቱ።

«‹አለቀ ወይ?› ነው የምትለው» አሉን።

የማሻዋ ልጅ ያለ ወረቀት ወደ ፊት ወጣች። «አላለቀም እናቴ» አለች። ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ ጭቃ የነካ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ ክፍል እንደሚገባ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እየተረጎሙ እናትየው በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት። ፓስተሩ ዝናብ መጣ ብሎ እስኪያስቆመን ድረስ ተናገርን። ከዚያ ሄደን ቀበርነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሁሉም መጡ። ርዕስ መስጠት አቃተኝ። «ዛሬ አንጻፍ» አልኳቸው፤ ተቀምጠን ዋልን።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ አባትየው ዕቃውን ሊወስዱ ሚዛን መጡ። አንሶላውን፣ ልብሱንና መጻሕፍቱን በማዳበሪያ ከረጢት አሰርንላቸው። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «የሚማርበት ቤት የቱ ነው?» አሉኝ። ወሰድኳቸው።

«የት ነበር የሚቀመጠው?»

አሳየኋቸው። ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁና እዚያው ቁጭ አሉ። ባዶውን ሰሌዳ ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ተነሥተው፣ «የቴፒ መኪና እንዳያመልጠኝ።»

ከረጢቱን ልሸከምላቸው ብል እምቢ አሉኝ።